«እማማን ቁጭ ብድግ እንዴት ላሠራቸው?»

ጥያቄ፦

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 27 ነው። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከእናቴና ከአያቴ ጋር ነው። ሥራዬ የቢሮ ሥራ ነው፤ ማታ ማታ ጂም እሠራለሁ። አምና ክረምት አያቴ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ የሰጣትን እንቅስቃሴ በየቀኑ አብሬያት ስሠራ ከረምኩ። አሁን ምርኩዟን ይዛ ቤት ውስጥ ትንቀሳቀሳለች።

ይህን ያዩ የግቢያችን እናቶች ‹ለእኛም አሠራን እንጂ› ማለት ጀመሩ። እኔም ደስ ብሎኝ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ላሠራቸው አሰብኩ። ኮሚቴውን ሳማክር ግን አንድ አባት ‹አንተ ሐኪም ነህ እንዴ?› አሉኝ። ጓደኛዬ ‹አንዷ ብትወድቅ ጉድህ ይፈላል› ብሎ አስፈራራኝ። እናቴ ደግሞ ‹የራስህን ኑሮ ኑር› ትላለች። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች እኮ ከትምህርት ቤት መጥቼ ቤት ተዘግቶ ሲጠብቀኝ ምሳ ያበሉኝ ናቸው። እንዴት ብዬ ነው ‹ቁጭ ብድግ› የምላቸው? ልጀምር ወይስ ልተወው?

ግራ የገባኝ፣ ከጀሞ»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጀምር። እናቶቹ ራሳቸው ጠይቀውሃል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የፊታችን ቅዳሜ አትጀምር። ሁለት ሦስት ሳምንት ተዘጋጅ። ስዘጋጅ አዳዲስ እንቅስቃሴ ከዩቲዩብ ልሰብስብ ብለህ እንዳትደክም፤ የሚያስፈልጉህ እንቅስቃሴዎች ጥቂትና ቀላል ናቸው። ጊዜህን የሚመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ በማወቅ አሳልፈው። የትኛዋ እናት የትኛው ጉልበታቸው እንደሚያማቸው፣ ማን ጠዋት ምን ኪኒን እንደሚውጥ፣ ማን ባለፈው ወር እንደወደቀ እወቅ። ትልልቅ ሰዎችን የሚያሠራ ሰው ዋና ሥራው ይሄ ነው። ይህን ካወቅህ ሌላው ይቀልልሃል።

«አንተ ሐኪም ነህ እንዴ?» ባሉህ አባት አትቀየም። የጠየቁህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱም ቀላል ነው፦ «አይደለሁም አባባ። አላክምም። ስለ መድኃኒት ምንም አልናገርም። ሕመም ያለበትን ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት አላሠራም።» ይህን በኮሚቴው ፊት በግልጽ ተናገር። ከዚያ ለእኚሁ አባት ሥራ ስጣቸው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚል መዝገብ የሚይዝ ሰው ያስፈልግሃል። አንዲት እናት ሁለት ቅዳሜ ከቀሩ ቤታቸው ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልግሃል። እንዲህ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ለዚህ የተፈጠረ ነው።

የጤናውን ደብተር ግን ራስህ ያዘው፤ ለማንም አታሳይ። የእያንዳንዱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ልብ ወይም አስም ካለባቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የቅርብ ልጃቸውን ስልክ ጻፍበት። ይህን በሰው ፊት አትጠይቅ። እናቶቻችን ስኳር እንዳለባቸው ጎረቤት ፊት አይናገሩም። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያልፉሃል። ቤታቸው ሂድ። ቡና ጠጣ። ስለ ልጆቻቸው ጠይቅ። ከዚያ ቀስ ብለህ «እማማ፣ በዚህ ዓመት ወድቀው ያውቃሉ?» በል። ብዙዎቹ ወድቀዋል፤ ለልጆቻቸው ግን አልነገሩም። ከተናገሩ «ብቻሽን ቤተ ክርስቲያን አትሄጂም» እንዳይባሉ ይፈራሉ። አንተ ግን ማወቅ አለብህ። አንዴ የወደቀ ሰው ሌላ ጊዜ የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ሲሄዱ ወይም ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን የሚያማቸው፣ በቅርቡ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ የነበረባቸው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ፣ እግራቸው ላይ ያልዳነ ቁስል ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ይዩ። በዚህ አትደራደር። ግፊታቸው ቁጭ ብለው አርፈው ተለክቶ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የዚያን ቀን አይሥራ፤ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም በግቢያችሁ ያለች ነርስ ካለች እሷን ለምናት። የመጀመሪያው ቀን መጥታ ብትለካላቸው ለእናቶቹ ራሱ መምጫ ምክንያት ይሆናቸዋል። ግፊት የሚለካ ሰው መጣ ከተባለ ማን ቤቱ ይቀራል?

የአያትህን ነገርም ልንገርህ። ለእሷ የተሰጣት እንቅስቃሴ ለእሷ ዳሌ፣ ለእሷ ቀዶ ሕክምና የተሰጠ ነው። ለሌሎቹ እንዳለ አትገልብጠው። እሷንም ፊዚዮቴራፒስቱ ሳይፈቅድ ከሌሎቹ ጋር እንዳታሠራት። መጥታ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ብትመለከት ግን ምን ይጎዳል? እሷን ያዩ እናቶች ይበረታሉ።

ጓደኛህ ያስፈራራህን ነገር አቅልዬ አላየውም። ለዚህ ነው ነገሩን ብቻህን አትያዘው የምልህ። በኮሚቴው ወይም በእድሩ በኩል ይሁን፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ልጆቻቸው ይወቁት። ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንደሚሠራ ግልጽ ይሁን። ከአንተ ሌላ ሁለት ሰው ሁልጊዜ በቦታው ይኑር፤ አንዷ ሴት ትሁን። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ሳትጀምር ሠልጥን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ ጽፈህ ለጥፈው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ?

አሁን ወደ ቁጭ ብድጉ እንምጣ። ጂም ውስጥ የምታውቀውን ስኳት እርሳው። ወንበር አምጣ።

አንዲት በሰባዎቹ አጋማሽ ያሉ እናት ከሶፋ ሲነሡ ልብ ብለህ ተመልከት። መጀመሪያ ነጠላቸውን ይሰበስባሉ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። አንዴ ወደ ፊት ይሉና ይመለሳሉ። «በስመ አብ» ይላሉ። ሁለተኛ ወደ ፊት ይላሉ። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው ይነሣሉ። ከተነሡ በኋላ ወዲያው አይራመዱም፤ ትንሽ ቆም ይላሉ። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ማወቅ የምትፈልገው ሁሉ አለ። የጭናቸው ጡንቻ ስለሳሳ እጃቸው ያግዛቸዋል። ድንገት ሲነሡ ግፊታቸው ዝቅ ስለሚል፣ ራሳቸውን እንዳያዞራቸው ቆም ይላሉ። ሚዛናቸውን ስለማያምኑት ጠረጴዛውን ይይዛሉ።

ከወንበር መነሣት ማለት ከአልጋ መነሣት ነው፤ ከመጸዳጃ ቤት መነሣት ነው፤ ከታክሲ መውረድ ነው። ይህ ሲከብዳቸው ሰዎች ቀስ በቀስ መውጣት ይተዋሉ። ማኅበር ይቀራሉ፤ ለቅሶ ይቀራሉ። አለመውጣቱ ደግሞ ጡንቻቸውን የባሰ ያሳሳዋል። ስለዚህ ከትምህርትህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ልታስተምር ብትገደድ ከወንበር መነሣትን አስተምር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ። ወደ ወንበሩ የፊት ጠርዝ ጠጋ ብለው ይቀመጡ። እግራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ስበው ሙሉ ለሙሉ መሬት ያስረግጡ። አፍንጫቸው ከጣቶቻቸው በላይ እስኪሆን ወደ ፊት ያዘንብሉ። ከዚያ ትንፋሻቸውን እያወጡ ይነሡ። የሚችል እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይነሣ፤ የማይችል የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ይነሣ። መቀመጡ ከመነሣቱ የበለጠ ይጠቅማል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እየተባለ ቀስ ብለው ይቀመጡ እንጂ ዱብ አይበሉ። በቀስታ ሲቀመጡ ነው ጡንቻው በደንብ የሚሠራው። አምስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ እንደገና አምስት ጊዜ ለመጀመሪያው ቀን በቂ ነው።

ጮክ ብለው አብረው ይቁጠሩ። ይህ ለማድመቅ ብቻ አይደለም። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን አያፍንም። ትንፋሽን አፍኖ መግፋት ደግሞ ግፊትን በአንዴ ከፍ ያደርጋል።

ስለ ወንበሩ አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። የእድር ፕላስቲክ ወንበር እንዳትጠቀም። ሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል፤ ያረጀውም እግሩ ድንገት ይከፈታል። ከየቤቱ ጠንካራ የእንጨት ወይም የብረት ወንበር ይምጣ። ወጣቶቹ ተሸክመው ያውርዱ።

እድገታቸውን ለማየት ቀላል መለኪያ አለ። ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች ይጠቀሙበታል። እጅ ደረት ላይ ተጣምሮ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ይቻላል? ከ70 እስከ 74 ዓመት ያለች ሴት ከ10 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ያለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት እንዳለ ምልክት ነው። ሲጀምሩ ለካና ደብተርህ ላይ ጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ለካ። ውጤቱን ለባለቤቱ ብቻ ንገር። «እማማ እገሊት 12፣ እርስዎ 6» የሚል ፉክክር ከጀመርክ 6 ያመጡት እናት ሁለተኛ አይመጡም።

«አርጅተናል፣ ከእንግዲህ ምን ሊረባን» የሚሉ ይኖራሉ። ይህን ንገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ተቋም የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆኑ ጥቂት ሰዎች ለ8 ሳምንት የእግር ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት በባለሙያ እየታገዙ ሠሩ። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ኒው ዚላንድ ውስጥ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያዘጋጁት መርሐ ግብርም አለ። ቤታቸው ለሚኖሩ አረጋውያን የእግር ማጠንከሪያ፣ የሚዛን ልምምድና የእግር ጉዞ ያቀፈ ነው። በተደረጉት ጥናቶች የመውደቅን ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሷል። ጡንቻ በማንኛውም ዕድሜ ከተሠራበት ይመለሳል። ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ከወንበሩ ቀጥሎ የሚሠራው ከዚያው የመርሐ ግብር ዓይነት ነው። የወንበሩን ጀርባ ይዘው ተረከዝ ማንሣት። አንድ እግር ወደ ጎን ማውጣትና መመለስ። ባሉበት ቆመው ጉልበት ከፍ እያደረጉ መራመድ። ወንበር ይዘው ለአሥር ሰከንድ በአንድ እግር መቆም። ግድግዳ ዳር ዳሩን፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነኩ መራመድ። ለክንድ ግድግዳ ላይ የሚሠራ ፑሽ አፕ ጥሩ ነው። ለትከሻ ደግሞ ከእኛ በላይ ማን አለው? የድሮ ዘፈን ቀነስ አድርገህ ክፈት፤ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እስክስታ ይምቱ። ማማሟቂያህም ይህ ይሁን። ድምፁን ቀንሰው ያልኩህ ጆሯቸው የደከመ ሰዎች በሙዚቃ መሃል ያንተን ድምፅ ስለማይለዩ ነው። ስታሳይም ፊትህን ወደ እነሱ አዙር።

መዝለል የለም። አንገት ማሽከርከር የለም። ጎንበስ ብሎ የእግር ጣት መንካትም ይቅር፤ አጥንታቸው የሳሳ እናቶች ብዙ ናቸው፣ አከርካሪያቸው ይጎዳል። መሬት ላይ መተኛትም አሁን አይሁን። እየሠሩ ማውራት ከቻሉ ልኩ ነው። ቃል ካጠራቸው በዝቷል። ሲጨርሱ ድንገት አይቁሙ፤ እያዘገሙ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቆዩ።

ኮንዶሚኒየም ስለሆናችሁ ደረጃን አትርሳ። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ደረጃ የየቀን ፈተናው ነው። የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ተጠቅመህ፣ ብረቱን ይዘው መውጣትና መውረድን አለማምዳቸው። አንድ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ይህን አስተምር፦ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የሚያመው ይቅደም። ይህን የነገራቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ስንት ዓመት ተሠቃይተው የሚወርዱ አሉ።

አሁን ወዳስጨነቀህ ነገር ልምጣ። ምሳ ያበላህን ሰው እንዴት ታዛለህ? አትዘዝ። «እስቲ እንነሣ» በል። «ይነሡ» ከማለት «እንነሣ» ይሻላል፤ አብረሃቸው ስለምትሠራ ውሸትም የለበትም። አንዱ ሲሳሳት ስሙን ጠርተህ አታርም። ለሁሉም እንደምትናገር ሆነህ «ጉልበታችን ወደ ውስጥ እንዳይገባ» በል። ባለቤቱ ይሰማዋል። ካልሰማ አጠገቡ ሂድና በዝግታ ንገረው። ለመንካት ፈቃድ ጠይቅ። «እማማ፣ ክርንዎን ልያዝልዎት?» ማለት አንድ ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ከዚያ በላይ እናቶቹን መደገፍ ካስፈለገ አጋዥህ ሴት ትደግፋቸው። ወንድና ሴት አብረው መሥራት የሚያሳፍራቸው ካሉ ወንበሮቹን ለየት አድርገህ ደርድር፤ ነገር አታብዛ።

«ስግደቴ ይበቃኛል» የሚሉህም ይኖራሉ። እንዳትከራከራቸው። እውነታቸውን ነው፤ ስግደት ለእግርም ለወገብም ትልቅ እንቅስቃሴ ነው። የሚሰግዱ ሙስሊም እናቶችም እንደዚሁ። «ስግደቱ እንዳይከብድዎት ጉልበትዎን እናጠንክረው» ብትላቸው ይመጣሉ።

ረጅም ቀሚስ እግር ይጠልፋል። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ቀሚሳቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ይሥሩ። በሲሊፐር ማንም አይሥራ። ተረከዙ የተዘጋ፣ የማያንሸራትት ሸራ ጫማ ይበቃል። ስኳር ያለባቸው ከስፖርቱ በፊትም በኋላም እግራቸውን ይዩ፤ ጠጠርም ሆነ ቁስል ላይሰማቸው ይችላል።

ሌላ አደራ። ቪዲዮ እየቀረጽክ ቲክቶክ ላይ እንዳትለቅ። እነሱ ያመኑህ በቤት ልብሳቸው፣ በድካማቸው ነው። ሌላ የሚቀርጽ ካለም አስቁም።

ቦታው ኮሚናሉ፣ የግቢው የጋራ ቤት፣ ቢሆን ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ግቢው ይንሸራተታል፤ ጠዋት ጠዋትም ይበርዳል። መጸዳጃ ቤት ቅርብ መሆኑን አረጋግጥ፤ ቁልፉም በዚያ ሰዓት ክፍት ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን መጸዳጃ ቤት ከሌለ እናቶቹ ውኃ ሳይጠጡ ይመጣሉ፤ ወይም ጭራሽ አይመጡም። ለምን እንደቀሩ አፍ አውጥተው አይነግሩህም።

ሰዓቱን እነሱ ይምረጡ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ አለ፣ የሰንበቴ ዝግጅት አለ። ምናልባት ከቀኑ አሥር ሰዓት ይመቻቸው ይሆናል። በጾም ወራት ደግሞ ተስማማ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ምንም ሳይቀምሱ የሚውሉ አሉ። ረመዳንም አለ። ባዶ ሆድ ያለን ሰው አታድክም፤ ከበሉ በኋላ አድርገው ወይም ተቀምጠው የሚሠሩትን ብቻ አሠራ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊበንክላማይድ ያለ የስኳር ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ምግብ ሳይበሉ ስፖርት ቢሠሩ ስኳራቸው አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ጾሙን እንዴት እንደሚያደርጉ ሐኪማቸውንና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ይህ ያንተ ውሳኔ አይደለም። ያንተ ድርሻ «ዛሬ ቀምሰዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለቅሶ በወደቀ ቀን ደግሞ ክፍሉን ዝጋውና አብረህ ድንኳን ትከል።

ስኳር የወረደበት ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የሚናገረው ይምታታበታል። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ወይም ለስላሳ ወዲያው ስጠው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታድርግ፤ አምቡላንስ ጥራ። ደረቴን አለ ወይስ ፊቱ አንድ ወገን ተጣመመ፣ እጁ አልነሣ አለ፣ አፉ ተያያዘ? ስፖርቱ እዚያው ይቁም፣ 907 ይደወል። ሰው ከወደቀ ደግሞ የሁላችንም ልማድ ብብቱን ይዞ ብድግ ማድረግ ነው። ይህን አጥብቀህ ከልክል። መጀመሪያ ያናግሩት። የት እንደሚያመው ይጠይቁት። ዳሌውን ካመመው ወይም አንድ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ጋቢ አልብሱትና ባለሙያ እስኪመጣ አታንቀሳቅሱት። ይህን ከአያትህ ታውቀዋለህ።

እናትህ «የራስህን ኑሮ ኑር» ያሉት ደክመህ እንዳታቋርጥ ፈርተው ይመስለኛል። ፍርሃታቸው ያስኬዳል። ስለዚህ የማትችለውን ቃል አትግባ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሦስት ወር ብለህ ተናገር። ሦስት ወር ሲሞላ እንደገና ተነጋገሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ከዚሁ ውስጥ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክረውን በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይላል። ያንተ አንድ ቅዳሜ ይህን አይሞላም። ሊሞላም አይገባውም። ከእናቶቹ መሃል ፈጥነው የሚገባቸውን ሁለት ሰዎች ለይተህ አሠልጥን። ማክሰኞና ሐሙስ እነሱ ይምሩ። አንተ ሥራ ላይ ሆነህ ስፖርቱ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ አንዲት የ68 ዓመት እናት ክፍሉን ከአንተ በተሻለ ሲመሩት ብታይ አትገረም። የእኩያቸውን ቃል ይሰማሉ።

ገንዘብ ሊሰጡህ ይሞክራሉ። አትቀበል፤ ግን አታስቀይማቸው። የሚያዋጡት ካለ የግፊት መለኪያ ይግዙበት። ቡና ካፈሉ ቁጭ ብለህ ጠጣ። እንዲያውም ከስፖርቱ በኋላ ቡና እንዲኖር አድርግ። ለብዙዎቹ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት እሱን ይሆናል፤ ምንም ክፋት የለውም።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ወጣቱ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ስፖርት ሠራ። ያን ቀን ትልልቆቹ ከዳር ሆነው ልጆቻቸውን ሲያዩ ነበር። እንቅስቃሴ የወጣት ነው የሚለው ሐሳብ ሥር የሰደደ ነው። ሽማግሌ ዐርፎ ይቀመጥ፣ ልጆቹ ይላላኩለት እንላለን። ከፍቅር ነው የምንለው። ውኃ እንኳ ራሳቸው ሄደው እንዳይቀዱ እናደርጋቸዋለን። በዚህ መንገድ ስንት ጠንካራ እግር አስሰነፍን። ለልጆቻቸውም ይህን ንገርልኝ፦ እናታችሁ ከወንበር ሊነሡ ሲሉ ሮጣችሁ አትጎትቷቸው። አጠገባቸው ቁሙ፣ እሳቸው ይነሡ።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ። ኮሚናሉ የሚመጡት መውረድ የሚችሉት ናቸው። ከሁሉም የበለጠ የሚያስፈልጋቸው ግን ፎቅ ላይ የቀሩት ናቸው። በየብሎካችሁ ይኖራሉ። ለፋሲካና ለለቅሶ ካልሆነ የማይወርዱ፣ ፀሐይ በበረንዳ ብቻ የሚያገኙ። እነሱን ዝርዝርህ ውስጥ አስገባ። የጤናቸውን ጥያቄ እንደሌሎቹ ጠይቅ፤ ሐኪም ማየት ያለበት ሐኪም ይይ። ቅዳሜ ክፍሉ ሲያልቅ ከአጋዦችህ አንዷን ይዘህ ውጣ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ወንበራቸውን ግድግዳ አስደግፍ፤ አንተ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ቁሙ። ሦስት ጊዜ ተነሥተው ከተቀመጡ ለዚያ ቀን ይበቃቸዋል። በሳምንቱ ተመለስና አራት አድርጉት።